ከባሕር ማዶ እስከ ማሳ፦ የአንድ ኬሻ ማዳበሪያ ጉዞ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ፣ በለገዳዲ፣ ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







በዓል ሲከበር ያለፈውን ሥራ ማውሳት የተለመደ ነው። ዩኒየኑ ምን ሠራ፣ ምን ገዛ፣ ምን ሸጠ የሚለው በሪፖርቱ ቀርቧል። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን በየመጋዘኑ ጥግ ተደርድሮ ስለሚታየው፣ ሆኖም መንገዱ ብዙም ስለማይታወቀው ኬሻ ነው። በየቤቱ ከረጢቱ ራሱ ባዶ ከሆነ በኋላ እንኳ ስሙ «ማዳበሪያ» ነው። እህል ይቋጠርበታል፣ ከሰል ይሞላበታል፣ ይነጠፋል። ይህ ኬሻ ከየት ተነስቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ስንት ቀን ተጉዞ ለገዳዲ እንደሚደርስ ማወቅ ለአንድ ዩኒየን ትርፍ ዕውቀት አይደለም። የዘር ወቅት የሚያልፈውም የሚደርሰውም በዚያ መንገድ ላይ ነውና።

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ መረሬ መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ያለሰለሰ ገበሬ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ዝናብና ማዳበሪያ። ዝናቡ ከሰማይ ነው። ማዳበሪያው ግን ከሰው እጅ ይመጣል። ከሰው እጅ የሚመጣ ነገር ሲዘገይ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ምክንያት ካለው መፍትሔም ይኖረዋል።

የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት ምን ማለት ነው?

«የአቅርቦት ሰንሰለት» የሚለው አባባል የቢሮ ቋንቋ ይመስላል። ነገር ግን ከሱሉልታ እስከ ለገዳዲ ላም የሚያልብ ሁሉ በተግባር ያውቀዋል። ወተቱ ማለዳ ይታለባል፤ በንጹሕ ዕቃ ወደ ማሰባሰቢያ ጣቢያ ይመጣል፤ ይለካል፣ ይመረመራል፣ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ላሟ ምርጥ ዘር ብትሆን፣ መኖውም ቢሟላ፣ መኪናው ጥቂት ሰዓት ከዘገየ ወተቱ ይበላሻል። ገዢው የሚከፍለው ለወተቱ ብቻ ሳይሆን ወተቱ ሳይበላሽ በሰዓቱ ለመድረሱም ጭምር ነው።

በሰበታና በሆለታ አካባቢ የሚመረተው አበባም እንደዚሁ ነው። አበባው እንደተቆረጠ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ገበያ ይሄዳል። በመካከሉ አንድ ቦታ ላይ ፀሐይ ካገኘው ዋጋው ያሽቆለቁላል።

እንግዲህ ወተት በሰዓታት ይቆጠራል፤ አበባ በቀንና በሌሊት ይቆጠራል፤ ማዳበሪያ ደግሞ በወራት ይቆጠራል። ቀለበቶቹ ቢረዝሙም ሕጉ አንድ ነው። አንዱ ቀለበት ከላላ ሰንሰለቱ በሙሉ ይላላል።

የባሕሩ መንገድ

እንደሚታወቀው በአካባቢው ማሳዎች በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት ዓይነት ማዳበሪያዎች ናቸው። አንደኛው ኤን ፒ ኤስ ሲሆን 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል። ሁለተኛው 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ዩሪያ ነው። አገሪቱ በቅርብ ዓመታት የምትገዛው ጠቅላላ መጠን በ20 ሚሊዮን ኩንታል ደረጃ የሚቆጠር ነው። ግዥውን በዓለም አቀፍ ጨረታ የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው።

ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚመጣው ከሞሮኮ ነው። ጆርፍ ላስፋር ከሚባለው ወደብ የተነሳ መርከብ በጅብራልታር በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል፤ በስዊዝ ቦይ አልፎ ቀይ ባሕርን ይወርዳል፤ በመጨረሻም ጠባቡን የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ ተሻግሮ ጅቡቲ ይደርሳል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ጉዞው ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ጊዜስ? በመጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የተባለች 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድማ መንገዱን ለስድስት ቀን ዘጋችው። በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች በሁለቱም በኩል ቆመው ጠበቁ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየመን አቅራቢያ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በመከፈቱ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች በቀይ ባሕር ማለፉን ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞርን መረጡ። ከሞሮኮ ተነስቶ በዚያ በኩል ዞሮ ጅቡቲ ለመድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ ነዳጅና የኢንሹራንስ ክፍያ ያስፈልጋል።

የዩሪያ ነገር ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር የተያያዘ ነው። ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከጋዝ ስለሆነ የጋዝ ዋጋ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሲነሳ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ የተሰቀለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የማዳበሪያው ዋጋም ሆነ የመርከቡ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር በመሆኑ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብሩ ሒሳብ ይበልጥ ከብዷል።

ባሕር አይቶ የማያውቅ የለገዳዲ ገበሬ የእነዚህን ሁሉ ዋጋ በኬሻው ላይ ይከፍላል። ይህ የሚነገረው ለማስፈራራት አይደለም። ባሕሩ ላይ የሚሆነውን ዩኒየኑም ሆነ ወረዳው ሊያዙት አይችሉም። ሊያዙት የማይችሉት መንገድ ላይ መዘግየት ሊኖር እንደሚችል ከታወቀ ግን፣ ሊያዙት በሚችሉት በኩል ጊዜ ማትረፍ ግድ ይሆናል።

ከጅቡቲ እስከ መጋዘን

እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው የአገሪቱ ጭነት ይገባ የነበረው በአሰብ ወደብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና የወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የመኪናው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር ከዘመናት አገልግሎት በኋላ ሥራ ሲያቆም፣ በምትኩ 752 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። የሞጆ ደረቅ ወደብ ደግሞ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንቴይነሮችን ከጅቡቲ ተቀብሎ የጉምሩክ ሥራ ወደ መሀል አገር እንዲቀርብ አድርጓል።

የማዳበሪያው አወራረድ ግን ከኮንቴይነር ዕቃ ይለያል። ማዳበሪያ ብዙውን ጊዜ እንደ አሸዋ ብትን ሆኖ በመርከቡ ሆድ ይመጣል። ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ኬሻ ይሞላና ይሰፋል፤ ከዚያም በመኪና ወይም በባቡር ወደ መሀል አገር ይጓጓዛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። 50,000 ቶን የጫነች አንዲት መርከብ 500,000 ኩንታል ማለትም አንድ ሚሊዮን ኬሻ ይዛለች ማለት ነው። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ቢጭን፣ ያችን አንዲት መርከብ ለማራገፍ 1,250 መኪና ያስፈልጋል። በሌላ በኩል 500 አባላት ያሉት አንድ መሠረታዊ ማኅበር ቢወሰድና እያንዳንዱ አባል ሁለት ሄክታር ቢያርስ፣ ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ ቢታሰብ፣ ማኅበሩ የሚያስፈልገው 2,000 ኩንታል ነው። ይህም አምስት መኪና ማለት ነው።

አምስት መኪና ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መኪናዎቹ ሲደርሱ መጋዘኑ ተቆልፎ፣ የመጋዘን ሠራተኛው ስብሰባ ሄዶ፣ የቀን ሠራተኛ ሳይዘጋጅ ቢቀር እያንዳንዳቸው ሁለት ቀን ይቆማሉ። በየማኅበሩ እንዲህ ከሆነ 1,250ው መኪና በድምሩ 2,500 የመኪና ቀን ያጣል። መኪናው ወደ ጅቡቲ ካልተመለሰ ወደቡ ላይ የተሰፋው ኬሻ የሚያነሳው አያገኝም። ኬሻው ካልተነሳ መርከቧ በተቀጠረላት ቀን አራግፋ አትወጣም። መርከቧ ከውሉ ቀን በላይ ስትቆም ደግሞ ዲመሬጅ የሚባል ቅጣት በየቀኑ በዶላር ይቆጠራል። ከኋላዋ ያለችውም መርከብ ባሕር ላይ ተራ ትጠብቃለች።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። በገጠር ቀበሌ ያለ የአንድ መጋዘን መቆለፊያ መርከብን ባሕር ላይ ያስቆማል። የሰንሰለቱ መጨረሻ የሚመስለው ቀለበት የመጀመሪያውንም ይጎትተዋል።

ከዘር ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

ስንዴ የሚዘራው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ፣ ጤፍም በሐምሌ ነው። ኤን ፒ ኤስ ከዘሩ ጋር መግባት አለበት። ዘግይቶ የመጣ ኤን ፒ ኤስ ለከርሞ ይቀመጥ ይሆናል እንጂ ለዘንድሮው ቡቃያ ሥር አይሆነውም። ስለዚህ ቀኑ ከዘር ወደ ኋላ ሊቆጠር ይገባዋል።

ገበሬው በሐምሌ መጀመሪያ እንዲዘራ ኬሻው ግንቦት ላይ በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን መገኘት አለበት። ለዚያም በሚያዝያ በዩኒየኑ መጋዘን መድረስ ይኖርበታል። መርከቧ እስከ መጋቢት ጅቡቲ ካልደረሰች ይህ አይሆንም። መርከቧ እንድትደርስ ውል መፈረም፣ ባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት መክፈትና መርከብ መከራየት በበጋው ወራት መጠናቀቅ አለባቸው። ጨረታው ከዚያ በፊት መውጣት አለበት። ጨረታ ደግሞ ያለ ቁጥር አይወጣም። ቁጥሩ የሚነሳው ከገበሬው አፍ ነው። እንግዲህ ገበሬው የዘንድሮውን ሰብል ሳያጭድ የከርሞው ማዳበሪያ ፍላጎቱ ተጠይቆ መመዝገብ አለበት ማለት ነው።

የፍላጎት ምዝገባ እንደ ተራ ወረቀት ሥራ የሚታይበት ጊዜ አለ። አንዱ ገበሬ ዕዳ ፈርቶ አራት ኩንታል የሚያስፈልገውን ሁለት ያስመዘግባል፤ ሐምሌ ላይ ከነጋዴ በእጥፍ ዋጋ ይገዛል። ሌላው ትርፉን እሸጣለሁ ብሎ ከመሬቱ በላይ ያስመዘግባል። አንዳንድ ጊዜም ቁጥሩ ከታች መጥቶ ሳይሆን ለዕቅድ ማማር ሲባል ከላይ ወርዶ ይሞላል። ባሏ የሞተባት እናት ደግሞ መሬቷን ያረሰላት ሰው ተመዝግቧል ተብላ ትታለፋለች።

የተጋነነ ቁጥር ያስገባው ማዳበሪያ ሳይሸጥ ይከርማል። ያ ማለት የባንክ ብድር ወለዱን እየጨመረ መጋዘን ውስጥ ይተኛል ማለት ነው። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ ይጋገራል። ያነሰ ቁጥር ደግሞ እጥረት ይወልዳል፤ እጥረትም ሰልፍን፣ ሰልፍም አድልዎንና የጓሮ ገበያን ይወልዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ማዳበሪያ ዘግይቶና አንሶ ገበሬው የተንገላታበት ሁኔታ ከማንም አእምሮ አልጠፋም። መንስኤው ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ እውነተኛ ቁጥር በወቅቱ መያዝ ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው፤ ዶላር አይጠይቅምና።

ለዚህ አካባቢ ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የለገዳዲ ግድብ በክረምት የሞላውን ውኃ በበጋ ለአዲስ አበባ ያጠጣል። የማዳበሪያ መጋዘን ሥራው የዚህ ግልባጭ ነው፤ በበጋ ሞልቶ በክረምት ማጠጣት አለበት። ግድቡ በመስከረም ባዶ ከሆነ በመጋቢት ምን እንደሚከተል ማንም ያውቃል። መጋዘኑም በግንቦት ባዶ ከሆነ የሐምሌው ነገር ያው ነው።

የመውጫው መንገድ

እስካሁን የተባለው ስለ ገቢ ዕቃ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መኪና ግን ብዙ ጊዜ የሚወርደው ባዶውን ወይም በጥቂት ጭነት ነው። አገሪቱ የምታስገባው ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ፣ የባዶው ጉዞ ወጪ በገቢ ዕቃው ላይ ይደመራል። ስለዚህ ሽምብራ፣ ምስርና ሌላ ጥራጥሬ ለውጭ ገበያ ማቅረብ የሚያድግ ዩኒየን ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ጥሩ አርአያ ነው። የአባል ማኅበራትን ቡና አሰባስቦ በቀጥታ ለውጭ ገዢዎች በመሸጥ ገበሬው በስሙ ገበያ እንዲገባ አድርጓል። የሥራውን ባሕርይ ለመረዳት አንድ ኮንቴይነር ማሰብ ይበቃል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ኬሻ ቡና፣ ማለትም 192 ኩንታል ይይዛል። ስድስት ኩንታል ያለው ገበሬ ብቻውን ኮንቴይነር ሊከራይ አይችልም፤ ሠላሳ ሁለት ሆነው ግን ይሞሉታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለው ለመርከብ ጭነትም ይሠራል።

ነገር ግን ማሰባሰብ ብቻውን አይበቃም። በሚገባ ያልደረቀ አንድ ኬሻ በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ በባሕር ሙቀት ያልባል፤ ሻጋታው ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመታል፤ ገዢውም ሙሉውን ጭነት ሊመልስ ይችላል። የሠላሳ አንዱ ገበሬ ድካም በአንዱ ቸልተኝነት ይባክናል።

ሰነድም እንዲሁ ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባለው የመርከብ ጭነት ማስረጃ፣ የንግድ ደረሰኙ፣ የጭነት ዝርዝሩ፣ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫውና የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ ክብደታቸውና ስማቸው አንድ መሆን አለበት። ባንክ የሚያየው እህሉን ሳይሆን ወረቀቱን ነውና፣ የአንድ ቁጥር ስሕተት ክፍያን ያዘገያል። የውሉ ቃልም ይነበብ። «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» ከተባለ ሻጩ ዕቃውን ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪጭን ድረስ ያለው ወጪና አደጋ የሱ ነው፤ የባሕሩ የገዢው ነው። «ሲ አይ ኤፍ» ከተባለ ደግሞ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንስ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ዋጋ መስማማት በማያውቁት ዕዳ ላይ መፈረም ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ በመነሳት ዩኒየኑ፣ አባል ማኅበራትና የመንግሥት አካላት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ውጤቱ በአንድ የምርት ዘመን ውስጥ ይታያል።

አንደኛ፣ የማዳበሪያ ፍላጎት ከአጨዳ በፊት በየአባሉ ስም፣ በመሬቱ ስፋትና በሰብሉ ዓይነት ይመዝገብ። ዝርዝሩ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይነበብ። ጎረቤት የሚሰማው ቁጥር አይጋነንም፤ የተረሳም ስም አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ከታች የመጣ ቁጥር በየደረጃው ሲተላለፍ አይለወጥ። የሚለወጥ ከሆነ ምክንያቱ ለማኅበሩ ተመልሶ ይነገር።

ሦስተኛ፣ መጋዘኖች እስከ ጥር ይጠገኑ። ጣሪያ ይፈተሽ፣ ኬሻ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ይዘጋጅ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ተደርጎ ይቀመጥ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

አራተኛ፣ መኪና በደረሰበት ቀን ይራገፍ። ለዚህም ቁልፍ የሚይዝ ተጠሪ፣ ተተኪውና የጫኝና አውራጅ ቡድን አስቀድመው በስም ይታወቁ። የቆመ መኪና የማኅበሩ ወጪ ተደርጎ ይቆጠር።

አምስተኛ፣ ለውጭ ገበያ ያሰበ ማኅበር ከማጓጓዣው በፊት ከጥራት ይጀምር። የእርጥበት መለኪያ መግዛት ኮንቴይነር ከመከራየት ይቀድማል። ሰነድ የሚያዘጋጅ አንድ ሠራተኛ ማሠልጠንም ኋላ ከሚመጣ ኪሳራ ያድናል።

ማጠቃለያ

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈርሟል። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የዩሪያው የባሕር መንገድ ሊቀር ይችላል። የመጨረሻው መንገድ ግን አይቀርም። ከጎዴም ይምጣ ከሞሮኮ፣ ኬሻው ያው በዚህ መጋዘን በር ገብቶ በዚህ መዝገብ ተፈርሞ ይወጣል።

በለገዳዲ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከተማው እየሰፋ የእርሻ መሬት እየጠበበ ሲሄድ፣ ከቀረው መሬት የሚገኘው እያንዳንዱ ኩንታል ዋጋው ከፍ ይላል። በጠባብ መሬት ላይ ያለፈ የዘር ሳምንት በሌላ ማሳ አይካካስም። መርከቡን የለገዳዲ ገበሬ አይነዳውም፤ ቦዩንም አይከፍተውም። የመጀመሪያው ቁጥርና የመጨረሻው መጋዘን ግን በእጁ ናቸው። የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች የያዘ ሰው ደግሞ አቅም የለኝም ሊል አይችልም።

መጪው ክረምት ማዳበሪያ ከዝናብ የሚቀድምበት ይሁን።

መልካም በዓል!